ብርድ የሚችል የወይን ሐረግ በጓሮ

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ዊንተሩ የሚጠና አካባቢ ነው የምኖረው። አምና ስፕሪንግ ላይ አንድ የወይን ችግኝ ገዝቼ አጥር ሥር ተከልኩ። ሙቀቱ እስካለ ድረስ ቅጠሉ አምሮበት ነበር። ብርዱ ሲወጣ ግን እንጨት ብቻ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቴ «እዚህ ወይን አይሆንም፣ አትልፊ» አለችኝ። እውነቷን ነው? አጥር ላይ የሚወጣ፣ ጥላ የሚሰጥ፣ ፍሬውም የሚጥም ወይን ያላችሁ እስቲ ምከሩኝ።

መላሽ፦
እህቴ፣ ከሁሉ በፊት እንዳትነቅይው። ወይን ዘግይቶ ነው የሚነቃው። ሌላው ተክል ሁሉ ለምልሞ እሱ ብቻ ደረቅ እንጨት መስሎ ሊቆይ ይችላል። ቅርፊቱን በጥፍርሽ ፋቅ አድርጊው። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕይወት አለው። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ ሞቷል፤ ወደ ግንዱ ወረድ እያልሽ ደግመሽ ሞክሪ።

እንቡጡንም በምላጭ ሰንጥቀሽ ማየት ትችያለሽ። የወይን እንቡጥ ከውጭ አንድ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት ነው። መሃል ላይ ትልቁ አለ፣ ከጎንና ከጎኑ ሁለት ትናንሾች። ብርድ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚገድለው ትልቁን ነው። ብዙ ፍሬ የሚይዘውም እሱ ነው። መሃሉ ጠቁሮ ጎኖቹ አረንጓዴ ከሆኑ ወይንሽ ያቆጠቁጣል፤ የዘንድሮ ፍሬው ግን ይቀንሳል።

ወደ ጎረቤትሽ ስንመጣ፣ ግማሹን ልክ ናት። ሱቅ የምናየው ወይን አብዛኛው ቪቲስ ቪኒፌራ የሚባለው ነው። የዚህ እንቡጥ ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። አንዳንዱ ከዚያም በፊት ያልቅለታል። በሰሜን አሜሪካ ወንዝ ለወንዝ በዱር የሚበቅለው ቪቲስ ሪፓሪያ ግን ከዜሮ በታች 35ንም ይችላል። በሩቅ ምሥራቅ እስያ ያለው ቪቲስ አሙረንሲስም ብርቱ ነው። የሁለቱ ችግር ፍሬያቸው ነው፤ ደቃቅና ኮምጣጣ። ስለዚህ አዳቃዮች ሲለፉ የኖሩት የዱሩን ጥንካሬ ከሌላው ጣዕም ጋር ለማጋባት ነው።

ከእነሱ ውስጥ እኔ የምወደው ኤልመር ስዌንሰንን ነው። በዊስኮንሲን የሚኖር የወተት ላም አርቢ ነበር። በ1943 በራሱ እርሻ ላይ ወይን ማዳቀል ጀመረ። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2004 ድረስ፣ አላቆመም። ቅርንጫፍ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጥ ስለነበር ዛሬ በብዙ ቀዝቃዛ አገር ጓሮ የእሱ ዝርያ አለ። ሶመርሴት ሲድለስ፣ ስዌንሰን ሬድ፣ ኤደልዋይስ የእሱ ናቸው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲም በበኩሉ በ1996 ፍሮንተናክን፣ በ2006 ማርኬትን አውጥቷል። እነዚህ ሁለቱ በዋናነት ለመጠጥ የሚጠመቁ ናቸው። እንዲሁ ለመብላት የሚፈልግ ሰው ሲገዛቸው ይገርመኛል፤ በተለይ ፍሮንተናክ ኮምጣጣነቱ ከባድ ነው።

ለአፍ የሚሆን ከፈለግሽ እኔ ሶመርሴት ሲድለስን ነው የምመርጥልሽ። ፍሬው ትንሽ ነው፤ ግን ዘር የለውም፣ ይጣፍጣል፣ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን ይሻገራል። ብርዱ ከዚህም የባሰ ከሆነ ቫሊያንት አለ። የደቡብ ዳኮታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ነው፤ አንዱ ወላጁ ከሞንታና የመጣ የዱር ሪፓሪያ ነው። በጥንካሬው የሚወዳደረው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም ዝናብና እርጥበት በበዛበት ቦታ ሻጋታ ቶሎ ይይዘዋል። ሰሜን አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ የላትቪያውን ዚልጋ ጠይቁ። በጋው አጭርና ቀዝቀዝ ባለበትም ይበስላል። ይሄ ነገር ይረሳል። ዊንተሩን መቻል ብቻውን አይበቃም፣ ፍሬው ውርጭ ሳይመጣ መብሰልም አለበት። ወይን ከተቆረጠ በኋላ እንደ ሙዝ ቤት ተቀምጦ አይበስልም።

ስትገዢ «በራሱ ሥር የቆመ ነው ወይስ የሌላ ዝርያ ሥር ላይ የተከተበ?» ብለሽ ጠይቂ። በራሱ ሥር የቆመው ይሻላል። ላይኛው ክፍል በብርድ ቢሞት እንኳ ከሥሩ የሚወጣው ያው የገዛሽው ወይን ነው። የተከተበው ከሞተ ግን ከታች የሚወጣው ሌላ ዝርያ ነው፣ ዕድሜ ልክሽን ቅጠል ስታጠጪ ትኖሪያለሽ።

ቦታው ላይ ብዙ አልልም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያግኝ፣ ቢያንስ 7 ወይም 8 ሰዓት። ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ካለሽ አትለፊው፤ ይሄ ምክር በሰሜኑ የምድር ክፍል ላለን ነው። ውሃ የሚያቁር ጉድጓዳማ ቦታ አትትከይ፤ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ውርጩም እዚያ ይበረታል። በአንድ ወይንና በሌላው መሃል 2 ሜትር ያህል ተዪ። ፍግ አታብዢ። ይሄን አስምሪበት፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ወይኑን የሚገድለው በደግነት ነው። በጋው አጋማሽ ካለፈ በኋላ ማዳበሪያና ብዙ ውሃ ከሰጠሽው ማደጉን አያቆምም። ቅርንጫፉ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ተለውጦ መጠንከር አለበት። ብርዱ አረንጓዴ ሆኖ ካገኘው ዝርያው ምንም ቢሆን አይተርፍም። በመጸው መጨረሻ ቅርንጫፉን ተመልከቺ፤ ቡናማው የት ድረስ እንደደረሰ ካየሽ ዊንተሩን የሚሻገረው የትኛው እንደሆነ አወቅሽ።

ዋናው ግን መከርከሙ ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ እጁ ይንቀጠቀጣል። የዘንድሮ ፍሬ የሚመጣው ከአምናው ቅርንጫፍ በሚወጣ አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ከአሮጌው ግንድ የሚወጣው ቀንበጥ በአብዛኛው ቅጠል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በየዓመቱ የአምናውን እድገት 80፣ እንዲያውም 90 በመቶውን ቆርጠሽ ትጥያለሽ። አዎ፣ በትክክል ነው ያነበብሽው። ከርክመሽ ስትጨርሺ መሬት ላይ የተቆለለው ግንዱ ላይ ከቀረው ካልበለጠ ገና ነሽ። ጥሩ ያደገ ግንድ ላይ ከ40 እስከ 50 እንቡጥ ቢቀር ይበቃል። ያልተከረከመ ወይን ጥላው ያምራል፣ ዘለላው ግን ይበዛና ይኮሰምናል፤ ቅጠሉም ተጨናንቆ ሻጋታ ይጋብዛል።

ጊዜው የብርዱ ጉልበት ሲያልቅ፣ እንቡጡ ሳያብጥ ነው። ቀዝቃዛ አገር ላይ ዘግየት ማለት ይሻላል። የሞተው ካልሞተው ይለያል፤ ወይኑም ትንሽ ዘግይቶ ስለሚነቃ ከኋለኛው ውርጭ ያመልጣል። የስፕሪንግ ውርጭ ክፉ ነው። በዊንተር ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የቻለ እንቡጥ አንዴ ቀንበጥ ካወጣ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ሊገድለው ይበቃል። ያን ሰሞን ትንበያውን እያየሽ ማታ ማታ አንሶላም ሆነ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጊበት።

ለድጋፍ ሁለት ሽቦ ይበቃል፣ አንዱ ወገብ አካባቢ፣ ሌላው ከራስሽ በላይ። ጥላ ከፈለግሽ ዳስ ሥሪለት፤ ግን ጠንካራ ይሁን፤ ያፈራ ወይን ይከብዳል። ከአንዱ ወይን ሥር አንድ ግንድ ብቻ አታሳድጊ፣ ሁለት አድርጊ። አንዱን ብርድ ቢገድለው ሌላው ይተርፍልሻል። የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ዓመት አበባውን ቀንጥሺ፤ ጉልበቱ ለሥሩና ለግንዱ ይዋል። በሦስተኛው ዓመት ትበያለሽ።

ሌላ ጠያቂ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አፓርታማ ነው የምኖረው፣ በረንዳ ብቻ ነው ያለኝ። በገንቦ ወይም በትልቅ ባልዲ ይሆናል? ደግሞ ሌላ አገር ያለ ወንድሜ ጥሩ ወይን አለው። ስመለስ ቅርንጫፍ በሻንጣ ይዤ ብመጣስ?

መላሽ፦
አይዞህ፣ ይሆናል። 50 ሊትር ገደማ የሚይዝ ዕቃ ፈልግ፣ ታቹ በደንብ ይበሳ። ችግሩ ሥሩ ነው። የወይን ሥር ከቅርንጫፉ ይልቅ ለብርድ ስስ ነው። መሬት ውስጥ አፈሩና በረዶው ይሸፍኑታል፤ በረንዳ ላይ ያለ ባልዲ ግን በአራቱም ጎን ይመታል። በብርዱ ወራት ማሞቂያ ወደሌለው ጋራዥ ወይም ምድር ቤት አስገባው። ሳሎን እንዳታስገባው። ወይን መተኛት አለበት፣ ቅዝቃዜ ካላገኘ በሚቀጥለው ዓመት በወጉ አይነቃም። አፈሩ እንዳይደርቅ ብቻ አልፎ አልፎ ትንሽ ውሃ ስጠው።

የሻንጣውን ነገር ተወው። ብዙ አገር ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የወይን ቅርንጫፍ አያስገባም። ነገሩ ለወግ የወጣ ሕግ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ተሻግራ የአውሮፓን ወይን እርሻ ያወደመችው ፊሎክሴራ የምትባለው ጥቃቅን ነፍሳት የገባችው በእንዲህ ዓይነት መንገድ ነው። እዚያው ያለህበት አገር ጎረቤት ካለህ ግን ገና ያልነቃውን ቅርንጫፍ ሲከረክም ለምነው። እርሳስ ያህል ውፍረት ያለውን፣ ሦስት ወይም አራት እንቡጥ ያለውን ምረጥ። የሥሩን በኩል ወደታች አድርገህ እርጥብ አፈር ውስጥ ሰካው። ወይን በቀላሉ ሥር ይሰዳል። አንዳንዱ አዲስ ዝርያ ግን የባለቤትነት መብት አለው፣ እሱን ያለ ፈቃድ ማባዛት አይቻልም።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ ዛሬ ፋቅ አድርጌ አየሁት፣ አረንጓዴ ነው! ጫፉን ስቆርጠው ግን ውሃ ያንጠባጥባል። ምን ልቀባው?

መላሽ፦
ምንም። ሥሩ ነቅቶ ውሃ ወደ ላይ እየገፋ ነው ማለት ነው። ይነጥባል፣ ይነጥባል፣ ቅጠል ሲያወጣ ይተዋል። አይጎዳውም።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ጎረቤትሽ የሣር አረም መድኃኒት የምትረጭ ከሆነ ቀስ ብለሽ አነጋግሪያት። 2,4-ዲ የሚባለውን ወይን ፈጽሞ አይወድም፤ ንፋስ ያመጣው ብናኝ እንኳ ቅጠሉን ያጨማድደዋል። ውሻ ካለሽ ደግሞ የወደቀውን ፍሬ ቶሎ ቶሎ ልቀሚ። ወይን የውሻን ኩላሊት ይጎዳል፣ ትንሹም ቢሆን። ወፎቹን እኔም አልቻልኳቸውም፤ ፍሬው ቀለም መያዝ ሲጀምር መረብ አልብሺው፣ ጫፉንም እንዳይሾልኩ መሬት ላይ በድንጋይ ያዢው።