ቱቫሉ የሚባለው አገር ከሰመጠ ፓስፖርቱ ምን ይሆናል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ትናንት በርጫ ላይ የተነሳ ክርክር ነው እስካሁን አልለቀቀኝም። አንዱ ጓደኛችን ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ቱቫሉ የሚባል አገር አለ ባህር እየዋጠው ነው ህዝቡ እንዳለ አውስትራሊያ ሊገባ ነው አለ። ሌላው ደግሞ አቦ አታካብድ፣ እዚህ ድሬ ደቻቱ ወንዝ ዳር እንኳን ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ግንብ ተሰርቷል እነሱ ግንብ ያቅታቸዋል? አለው። የቱ ነው ልክ? ከሰመጠስ አገር መባሉ ይቀራል? አንድ ዙርባ አወዳይ ተወራርደውበታል በቶሎ መልሱልን

ሳቢያን ማዶ፦
አገሩ አለ። ዘጠኝ ደሴት ነው፣ መሬቱ ተደምሮ 26 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ህዝቡ ወደ 11 ሺ፣ የኛ አንድ ቀበሌ ይበልጠዋል። ትልቁ ከፍታው 5 ሜትር አይሞላም። ግንቡን በተመለከተ፣ ደቻቱ ከላይ ከደንገጎ በኩል ተንደርድሮ ነው የሚመጣው ስለዚህ ዳሩን ካጠርከው ይሰራል፣ እዛ ግን መሬቱ ኮራል የሚባል የባህር ድንጋይ ነው፣ እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ ቀዳዳ፣ ባህሩ ከፍ ሲል ውሃው ከስር ሰርጎ ግቢህ መሃል ይፈልቃል፣ ግንብህ ደረቁን ቆሞ ያይሃል 😂 ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም፣ ዋና ከተማቸው ፉናፉቲ ላይ ከባህሩ አሸዋ እየቀዱ 7 ሄክታር ገደማ አዲስ መሬት ሞልተዋል።

ጀጎል በር፦
ሰው መስመጡን ነው የሚያወራው፣ ቀድሞ የሚያስቸግራቸው የሚጠጣ ውሃ ነው። ወንዝ የላቸውም፣ ከጣሪያ የወረደ ዝናብ በሮቶ አጠራቅመው ነው የሚጠጡት። በፈረንጆች 2011 ዝናቡ ቀርቶባቸው የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፣ ኒውዚላንድ ጨው የሚያጣራ ማሽን በአውሮፕላን ላከችላቸው። ፑላካ የሚባል ጎደሬ የሚመስል ምግብ አላቸው ጉድጓድ ቆፍረው ነው የሚተክሉት፣ ጨው ከስር እየገባ ያበላሽባቸዋል። እኛ ሀረሮች ይገባናል፣ ሐረማያ ደርቆብን ውሃ ከድሬ በኩል ሽቅብ በቧንቧ እስኪመጣ በጀሪካን ያየነውን እናውቃለን። ድሬዎች ግን ውሃው ጀበናችን ላይ ነጭ ድንጋይ ጋገረ ብላችሁ ታማርራላችሁ

ለገሀሬ፦
"ህዝቡ እንዳለ" የሚለው ልክ አይደለም። ፋሌፒሊ የሚባል ስምምነት ነው፣ በ2023 የተፈረመ፣ አውስትራሊያ በዓመት 280 ሰው በዕጣ ትወስዳለች፣ በቃ ዲቪ በለው። በ2025 የመጀመሪያው ዙር ሲከፈት ቤተሰብ ጨምሮ ከ8 ሺ በላይ ሰው ተመዘገበ፣ ከ11 ሺው ማለት ነው! 11 ሺውን በ280 ብታካፍለው ሁሉም እስኪወጣ 40 ዓመት ሊሞላ ነው፣ የሚወለደውን ሳትቆጥር። አገርነቱን ደግሞ በዛው በ2023 ህገ መንግስታቸው ላይ አስገብተውታል፣ መሬቱ ቢጠፋም ቱቫሉ አገር ናት ብለው። አውስትራሊያም በስምምነቱ ተቀብላዋለች፣ ሌላው ዓለም ይቀበላል ወይ የሚለው ነው ገና ያልለየለት። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው የነበረው ሳይመን ኮፌ በ2021 ሱፍ ለብሶ ጉልበቱ ድረስ ባህር ውስጥ ቆሞ ንግግር ያደረገው እኮ ለዚሁ ነው። ቪዲዮውን ሳታዩት አትቀሩም።

የከዚራ ልጅ፦
ስለዚህ ሁለቱም ተበሉ፣ አንዱ በ"እንዳለ" ሌላው በግንቡ። ዙርባው እኔ ጋ ነው ማለት ነው። @ጀጎል በር የጀበናውን ነገር ግን ለእናቴ አላሳያትም