ውስጥ እግር ላይ የወጣ ጥቁር ምልክት፦ ቆዳ ሐኪም ጋ ስንሄድ ምን ይጠብቀናል?

የሞጣዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 58 ዓመቷ ነው፣ ሞጣ አጠገብ የምትኖር ገበሬ ናት። ውስጥ እግሯ ላይ፣ ተረከዟ አጠገብ ጥቁር ነገር ወጥቶባታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሙጃሌ ነው ሲል ከረመ። ዘንድሮ ግን ሰፋ። መሃሉ ድፍን ጥቁር፣ ጠርዙ ቡኒ ሆኖ ወጣ ገባ ይላል። አያማትም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ የቆዳ ካንሰር አለመሆኑ ይጣራ ብለው ወደ ባሕር ዳር ሪፈር ጻፉ። ቀጠሮው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። እሷ ግን «ራቁቴን ሊያዩኝ ነው? ደግሞስ ብረት ከነካው ይዛመታል» ብላ አልሄድም አለች። እዚያ ምን ያደርጓታል? ያማል? ምን ይዘን እንሂድ?

ነርሷ፦
እህት ዓለም፣ እንኳንም ጤና ጣቢያ ወሰድሻቸው። ቆዳ ክፍል ነው የምሠራው፣ በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

መጀመሪያ ጥያቄ ነው። ምልክቱ መቼ ጀመረ? ሰፍቷል ወይ? ደምቶ ያውቃል? ቤተሰብ ውስጥ ካንሰር የያዘው ሰው አለ? ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ በተለይ ደም የሚያቀጥን ካለ ይጠየቃል። መድኃኒቶቹን ከነካርቶናቸው ይዘሽ ነይ።

ከዚያ ማየት ነው። ሐኪሙ ያንን ነጥብ ብቻ አይቶ አይልክም። ከራስ ቅል እስከ ጣቶች መሃል ያያል። ግን ሁሉም ልብስ ባንዴ አይወልቅም። አንዱ ክፍል ይገለጣል፣ ይታያል፣ ይሸፈናል፣ ወደ ሌላው ይታለፋል። ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ ትገኝ ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፣ ሁሌም ይጠየቃል። አንቺም አብረሽ መግባት ትችያለሽ።

ምልክቱን ደርሞስኮፕ በሚባል መብራት ባለው ትንሽ ማጉያ ያዩታል። ጄል ወይም አልኮል ቀብተው ቆዳው ላይ ያስጠጉታል፣ በቃ። አይወጋም፣ አያቃጥልም። አንድ ነገር ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፦ ሐኪሙ ብሽሽታቸውን በእጁ ይዳብሳል። የእግር ችግር ሲስፋፋ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ ያለው ንፍፊት ላይ ስለሆነ ነው። ሳይነገራቸው የመጡ እናቶች በዚህ በጣም ይደነግጣሉ።

ይሄ ሁሉ ብዙ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስመርረው ወረፋው ነው።

ባለ ዳሞት፦
ይቅርታ አድርጉልኝና የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ አይደል እንዴ? ሴትዮዋን ዝም ብላችሁ አታስጨንቁ። ትንሽ ጸበል ቢጠጡ ይሻላል።

ነርሷ፦
ወንድሜ፣ ጸበሉን ይጠጡ፣ ማን ከለከለ። ቀጠሮውን ግን አያስቀር። በነጮች ላይ በብዛት የሚታየው ፀሐይ የሚያመጣው ነው። ጥቁር ሰው ላይ ሜላኖማ የሚባለው ክፉው ዓይነት ብዙ ጊዜ የሚወጣው ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ነው፣ ከፀሐይም ጋር አይገናኝም። ቦብ ማርሌይን ታውቀው የለም? መነሻው የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ነበር፤ በ1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ሞተ። እኛ ዘንድ ችግሩ ማንም እግሩን ገልብጦ ስለማያይ ዘግይቶ መታወቁ ነው።

እቴ አበባ፦
እኔ የምለው ማንም የማይነግርሽን ነው። እናትሽ እንሶስላ ይሞቃሉ? ከሞቁ እስከ ቀጠሮው ያቁሙ። አክስቴ ለሰርግ እጅና እግሯን ሞቃ ሄዳ ሐኪሙ «ጥፍርሽም ውስጥ እግርሽም አይታየኝም፣ ሲለቅ ነይ» ብሎ መለሳት። ጥፍር ቀለምም እንደዚያው ነው። ሹሩባ ከተሠሩ ይፈታ፣ ራስ ቅልም ይታያል። ቅቤውንም ለዚያ ሳምንት ይተዉት። አንገታቸው ላይ ንቅሳት ካለ የቆየ መሆኑን ንገሩ።

ሰፋ ያለ ቀሚስና ነጠላ ይበቃቸዋል። ጠባብ ጫማ አታድርጊላቸው፣ ክፍት ጫማ ይሁን።

የማርቆስ ልጅ፦
ስለ ብረቱ እኔ ልመልስ። አባቴ ልጅ ሆኖ እሳት ያቃጠለው ጠባሳ ነበረው። እርጅናው ላይ ያ ጠባሳ ቆስሎ አልድን አለ። የቆየ የእሳት ጠባሳ ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ያወቅነው ያኔ ነው። እሱም «ቢላ ከነካው ይበዛል» ባይ ነበር። ሐኪሙ የመለሰለት አይረሳኝም፦ «አባቴ፣ ሰው ብረት ነካው የሚለው ዘግይቶ ስለሚመጣ ነው። በሽታው ቀድሞ ሄዷል፣ ብረቱ ስም ይወጣለታል።» ናሙና መውሰድ አያዛምተውም።

ናሙናው እንዲህ ነው። በመርፌ ያደነዝዙታል። እውነቱን ልናገር፣ መርፌው ያማል፤ ውስጥ እግር ላይ ደግሞ ይብሳል። ግን ጥቂት ሰኮንድ ነው። ከዚያ መነካቱን እንጂ ሕመሙን አታውቂውም። ጫፉ እንደ እስክሪብቶ ቱቦ ክብ በሆነች ስለት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይወስዳሉ፣ ወይም ምልክቱን ከነሙሉው ያነሱታል። ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ውስጥ ይከቱታል። አንድ ሁለት ስፌት ይሰፋል። የእግር ስፌት ሁለት ሳምንት አካባቢ ይቆያል፣ እስከዚያ ጭቃ ውስጥ መግባትና ብዙ መራመድ የለም። የእርሻ ሥራውን ለሌላ ሰው አሲዙ።

የጎንጂዋ፦
የማኅበረሰብ ጤና መድኅን ካላችሁ መታወቂያው የዘንድሮ መታደሱን እዩ። የሪፈር ወረቀቱ ከሌለ መድኅኑ አይሠራላችሁም፣ ስለዚህ በፕላስቲክ አድርጋችሁ ያዙት። ኮፒም አድርጉ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሾፌሮች ጠይቁ፣ ከተቻለ ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ።

የሞጣዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ብሽሽቱን ነገርኳት፣ ስቃ «እሱማ ሐኪም ከሆነ ይንካ» አለች። እንሶስላ አልሞቀችም። ሁለት ነገር ልጨምር። አንድ መድኃኒት አዋቂ በቅጠል አቃጥዬ አነሳዋለሁ ብሏታል። ደግሞ እኔ አውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ጥቁር መስመር አለኝ፣ አሁን ፈራሁ።

ነርሷ፦
በቅጠል ማቃጠሉን በፍጹም። ላዩን ያጠፋዋል፣ ሥሩ ይቀራል፤ ናሙናውም ተበላሽቶ ምን እንደነበረ አይታወቅም። ቀጠሮው እስኪደርስ ምንም አይቀባ፣ በመርፌም አይነካካ። በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው፣ ጎኑ ሳንቲም አድርጊ። መጠኑ ይታያል።

የአንቺ መስመር ብዙ ጣቶች ላይ ካለና ድሮም ከነበረ ጥቁር ሰው ላይ የተለመደ ነው። እንቅፋት መትቶሽ የጠቆረ ከሆነም ጥፍሩ ሲያድግ ወደ ጫፍ እየገፋ ይወጣል፤ የእግር አውራ ጣት ሲሆን ዓመትም ከዚያ በላይም ይፈጃል። አንድ ጣት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ከሥሩ እየሰፋ ከመጣ ወይም ጥቁሩ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳው ላይ ከፈሰሰ ግን እናትሽን ስታሳዪ አንቺም እግረ መንገድሽን ታዪ።

የሞጣዋ፦
የናሙናው ውጤት ያኑ ቀን ይደርሳል?

የማርቆስ ልጅ፦
አይደርስም። ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚመረመርበት ፓቶሎጂ የሚባል ክፍል ነው የሚታየው፣ ሳምንታት ይወስዳል። ከመውጣታችሁ በፊት ውጤቱን ማን እንደሚቀበል፣ የት ክፍልና በምን ቀን እንደሆነ ካርዱ ላይ አስጽፊ። ስልክሽንም አስመዝግቢ፣ የእናትሽን ብቻ አትስጪ። የአባቴ ውጤት ደርሶ ማን ይምጣበት ሲባል ነው ቀን የባከነው።