ፓምፑ ውሃ ይዞ በ5 ደቂቃ ይለቃል፤ ሲል (ውሃ በዘንጉ በኩል ወደ ሞተሩ እንዳያፈስ የሚዘጋው ዕቃ) አጣን፣ በእጅ ባለ ነገር ምን ይደረጋል?

የሽንኩርት ማሳ (ሮቢት)
ሰላም ለሁላችሁ። ፓምፑ ባለ 3 ኢንች የቤንዚን ነው፣ 6.5 የፈረስ ጉልበት። የጣና ሐይቅ ስለሸሸ መሳቢያ ቱቦውን በሌላ ቁራጭ ቀጥለነው አሁን 14 ሜትር ደርሷል። ፓምፑ ከውሃው ወለል ወደ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ውሃ ሞልተን ስናስነሳው መጀመሪያ በደንብ ይተፋል፤ 5 ደቂቃ ሳይሞላ እየቀጠነ ይሄድና ይቋረጣል። ያኔ ሞተሩ ሸክም እንደወረደለት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሮጣል። በፓምፑና በሞተሩ መሀል ደግሞ ጠብ ጠብ ይላል። ሲል ነው ተባልን፣ ባሕር ዳር ፈልገን በልኩ አላገኘንም። ሽንኩርቱ ራስ መቋጠር ጀምሯል፣ ውሃ ካገኘ ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው። ምን ትላላችሁ?

ፋሸታ
ሲሉን ለጊዜው ተወው። የተናገርከው ምልክት የአየር ነው። ፓምፑ ሲሠራ በመሳቢያው በኩል ያለው ግፊት ከውጪው አየር ያነሰ ስለሆነ፣ ቀዳዳ ቢኖር ውሃ አያፈስም፤ አየር ነው የሚስበው። ቱቦው ደረቅ ሆኖ ስለሚታይ ሰው ሁሉ "እሱስ ደህና ነው" ብሎ ያልፈዋል።

አፈላለጉ ቀላል ነው። ኦሞ በትንሽ ውሃ ምታና ወፍራም አረፋ አድርገው። ፓምፑ ውሃ ይዞ እየተፋ ሳለ አረፋውን በየመገጣጠሚያው ላይ ለጥፍ፦ መጀመሪያ ቅጥያው ላይ፣ ከዚያ ቱቦው ፓምፑ ላይ የሚገባበት አንገት ላይ፣ ከዚያ ውሃ መሙያው ክዳን ላይ። ቀዳዳው ጋ አረፋው ሰርጎ ይገባል፣ ልክ በስትሮ እንደተመጠጠ። ከመውጫው የሚወርደው ውሃ ወተት መስሎ ከነጣም አየር ስለመኖሩ ሌላ ማስረጃ ነው።

እንደኔ ግምት ጥፋቱ ቅጥያው ላይ ነው። አንዱን ቱቦ በሌላው ውስጥ አስገብታችሁ በላስቲክ ካሰራችሁት በጭራሽ አይይዝም። 25 ሳንቲሜትር የሚሆን፣ የውጭ ስፋቱ ቱቦው ውስጥ ጥብቅ ብሎ የሚገባ የብረት ቧንቧ ፈልግ፣ ጫፎቹን በሞረድ አለስልስ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ ቱቦው 12 ሳንቲሜትር አስገባ። ቱቦው ካስቸገረህ ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነከር አድርገው፤ እሳት ላይ አታሳየው፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ የመኪና ከመነዳሪ በ4 ሳንቲሜትር ስፋት ሸንሽን። ከውጭ ጥምዝ ያለው ቱቦ ከሆነ ስርጡን አስቀድመህ በቀጭን የከመነዳሪ ክር ሙላው፣ ካልሞላኸው ፋሸታው (በቪት የሚጠብቀው የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ጉብታው ላይ ብቻ ይቀመጣል። ሰፊውን የከመነዳሪ ሽንሽን እስኪቀጥን እየሳብክ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየሸፈነ፣ ሁለት ድርብ ጠምጥም። በየወገኑ ሁለት ሁለት ፋሸታ እሰር፣ ቪቶቻቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይሁኑ። ፋሸታ ከሌለ ፊልፌሮ እጥፍ አድርገህ በፒንሳ አክርረው።

ሲልከን የምትቀቡ ሰዎች አትድከሙ። ጭቃና ዘይት በነካው ፕላስቲክ ላይ አይጣበቅም፣ በማግስቱ እንደ ቆዳ ይላጣል።

ጣና ዳር
ፋሸታ ያለው ልክ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጨመር። ፓምፑ ላይ "8 ሜትር ይስባል" ተብሎ የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። ጣና 1,786 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለው። የአየሩ ግፊት ውሃን ሊገፋ የሚችለው ቢበዛ 8.3 ሜትር ያህል ሲሆን በባሕር ጠለል ግን 10.3 ሜትር ነው። ፓምፑ ራሱ የሚፈልገውና በቱቦው ርዝመት የሚባክነው ሲቀነስ፣ እዚህ ከ5 ሜትር በላይ ቀጥ ያለ ከፍታ አትመኑበት። 4 ሜትር ከ14 ሜትር ቱቦ ጋር ሲደመር ጠርዝ ላይ ናችሁ፤ ትንሽ አየር ከገባ አለቀ።

ስለዚህ መሳቢያውን ከመቀጠል ፓምፑን ወደ ውሃው አውርዱ፣ መግፊያውን (ውሃውን ወደ ማሳው የሚወስደውን ቱቦ) አስረዝሙ። በመግፊያው በኩል ሸራ ቱቦም ይበቃል፤ በመሳቢያው ግን ሸራ ቱቦ እንዳትሞክሩ፣ ተጣብቆ ይዘጋል። ከፓምፑ እስከ ውሃው ቱቦው ወጥ ሆኖ ይውረድ፣ መሀል ላይ ጉብታ ካለ አየር እዚያ ይጠራቀማል።

ጉድጓድ ላይ የምትሠሩም ታነቡ ይሆናል፦ የቤንዚን ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይወርድም። ጭሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል፣ ለማዳን የሚወርደውንም ጭምር።

ቡሎን ፈቺ
ወደ ሲሉ ልመለስ፣ ምክንያቱም ነገሩ የተያያዘ ነው። ሲሉን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ውሃው ነው። ፓምፑ አየር ስቦ ባዶውን በሮጠ ቁጥር የሲሉ ሁለት ፊቶች፣ ካርቦኑና ሴራሚኩ፣ በደረቁ ይፋጫሉ። አዲስ ሲል ብታገኝና አየሩን ሳትዘጋ ብትገጥመው በሳምንቱ ያው ጠብ ጠብ ነው።

አየሩ ከተዘጋ በኋላም የሚያንጠባጥብ ከሆነ ፍታው። የፊቱን ሽፋን ቡሎኖች አውጣ፣ ቀንድ አውጣ የመሰለውን ቤት አንሳ። ኢምፔለሩ (ውሃውን የሚገፋው ባለክንፍ ተሽከርካሪ) በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ዘንጉ ላይ በጥርስ የታሰረ ነው፤ ካንዴላውን አውጥተህ፣ በኢምፔለሩ ክንፍ ላይ እንጨት አስደግፈህ በመዶሻ ወደ ግራ መታ መታ ብታደርገው ይላቀቃል። ብረት በብረት አትምታ፣ ክንፉ ይሰበራል። ከኋላው ወረቀት የሚያህሉ ቀጫጭን ሮንዴላዎች ካሉ ቁጠራቸውና ሁሉንም መልስ፤ አንዷ ብትቀር ኢምፔለሩ ቤቱን ይፍቃል።

ሴራሚኩ ከተሰነጠቀ ወይም ጠርዙ ከተቆረሰ መላ የለውም። የተቧጨረ ብቻ ከሆነ የመስኮት መስታወት ላይ 1000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ዘርግተህ ውሃ አድርግበት፣ ፊቱን ደፍተህ 8 ቁጥር እየጻፍክ ቀስ ብለህ እሸው። ካርቦኑንም እንዲሁ፣ ግን በጣም በስሱ፤ ቶሎ ያልቃል። ጭረቱ ጠፍቶ ገጹ አንድ ወጥ ደብዛዛ ሲሆን በቃው። ስትመልሰው ፊቶቹን በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፣ ግራሶ አታስነካ። ይህ ወቅቱን ሊያሻግርህ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቅ።

ወረታ ሩዝ
ፉት ባልቩን (መሳቢያ ቱቦው ጫፍ ላይ፣ ውሃው ውስጥ ሆኖ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከድነውን) ማንም አላነሳም። ካጠፋችሁ በኋላ ውሃው ወደ ኋላ የሚሸሽ ከሆነ ምላሱ አልተከደነም ማለት ነው። መሞከሪያው፦ ፉት ባልቩን ውሃ ውስጥ አስቀምጦ ቱቦውን እስከ አፉ መሙላት። የ3 ኢንች ቱቦ በሜትር 4 ሊትር ተኩል ይይዛል፣ ለ14 ሜትሩ ሦስት ባለ 20 ጀሪካን ሞልታችሁ ጥቂት ይጨመራል። 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ከወረደ ፍቱት። ብዙ ጊዜ ጠጠር ወይም የእምቦጭ ሥር ነው የሚገኘው። ምላሱ ከደረቀ ከጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ከቀዳዳው በየዙሪያው 1 ሳንቲሜትር አስፍታችሁ ቁረጡ፤ ከላይና ከታች ሮንዴላ አድርጋችሁ በቡሎን እሰሩት። የላይኛው ሮንዴላ ከበድ ይበል፣ ክብደቱ ነው የሚከድነው።

ለእምቦጩ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ8 ሚሊሜትር መብሻ ዙሪያውን ብሱና ፉት ባልቩን ውስጡ አስገቡ። ቀዳዳው ከ300 እንዳያንስ፣ ካነሰ ፓምፑ ይታነቃል። ሁለት የተከደኑ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካኖች አስራችሁ አንሳፉት፣ ከውሃው ወለል ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይጥለቅ፣ ጭቃውንም አይንካ። ከዚያ ካነሰ ውሃው ይሽከረከርና ከላይ አየር ይስባል፤ እናንተ ደግሞ ቅጥያውን ስትፈቱ ትውላላችሁ።

የሽንኩርት ማሳ (ሮቢት)
እግዜር ይስጥልን። አረፋው ቅጥያው ላይ ሰርጎ ገባ፣ የፉት ባልቩም ምላስ ተጣሞ ነበር። ሁለቱንም ሠርተን፣ ፓምፑን 2 ሜትር አውርደን አሁን ሳያቋርጥ ይተፋል። ጠብ ጠቡ አለ ግን ቀንሷል። አዲስ ነገር፦ 25 ደቂቃ ሠርቶ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል፣ ትንሽ አርፎ ይነሳል።

ቡሎን ፈቺ
ሊጠፋ ሲል የቤንዚን ታንከሩን ክዳን ላላ አድርገው። መሥራቱን ከቀጠለ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኗል፣ በቀጭን ሽቦ ክፈተው። ካልሆነ ፓምፑ የቆመበትን ተመልከት፤ አሸዋው ላይ በንዝረት እየሰመጠ ካዘመመ ዘይት መቆጣጠሪያው "ዘይት የለም" ብሎ ያጠፋዋል። ዘይቱን በደልዳላ ቦታ ለካ፣ ጠቅላላው 0.6 ሊትር ነው፣ ከዚያ ሰፊ ሳንቃ ላይ አስቀምጠው።