ዱባይ ከነዳጅ በፊት በምን አደገች?

መምህር ከመሐል ሜዳ
ጤና ይስጥልኝ። በመንዝ መሐል ሜዳ የማኅበራዊ ትምህርት መምህር ነኝ። ታናሽ እኅቴ በቅርቡ ለሥራ ወደ ዱባይ የሄደች ሲሆን፣ የምትኖርበትን ከተማ ታሪክ እንዳስረዳት በስልክ ደጋግማ ጠይቃኛለች። በአካባቢያችን የሚነገረው ግን «በረሃ ነበር፤ ነዳጅ ወጣ፤ ከተማ ሆነ» ከሚለው አያልፍም። ይህ ምን ያህል እውነት ነው? አዲስ ገቢ የሆነ ሰውስ ታሪኩን ከየት ቢጀምር ይሻለዋል?

አንኮበሬው
ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሚነገረው ነገር ቅደም ተከተሉን ያዛባል፤ ዱባይ ነዳጅ ከማግኘቷ በፊት የነጋዴ ከተማ ነበረች። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በ1833 ከበኒ ያስ ጎሣ የአል ቡ ፈላሳ ወገን የሆኑ 800 ያህል ሰዎች በመክቱም ቢን ቡጢና በኦበይድ ቢን ሰዒድ እየተመሩ ከአቡ ዳቢ ተለይተው፣ አረቦች ኾር በሚሉት፣ ወደ ምድር ዘልቆ በገባው የባሕር ክንድ ዳር ሰፈሩ። ዛሬም የሚገዛው የመክቱም ቤተሰብ ዘሩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በዚያው ዘመን አንኮበር ተቀምጠው ሸዋን ይገዙ ነበርና፣ ለእኛ አካባቢ ሰው ጊዜውን ለመገመት አያስቸግርም።

የመንደሩ መተዳደሪያ ዓሣና ከባሕር ወለል የሚወጣው ዕንቁ ነበር። ዕድገቱን ያፋጠነው ግን የግብር ውሳኔ ነው ብዬ አምናለሁ። ሼክ መክቱም ቢን ሐሸር በ1894 የውጭ ነጋዴዎችን ከግብር ነጻ አደረጉ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ፋርስ በሊንጋ ወደብ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ ስትጥል፣ የዚያ ወደብ ነጋዴዎች ባሕሩን ተሻግረው ዱባይ ገቡ። ከፍ ብለው የሚታዩት የነፋስ ማማዎች ያሉበት የአል ፋሂዲ ሰፈር የእነርሱ ሥራ ነው።

በ1920ዎቹ መጨረሻ ጃፓን በእርባታ የምታመርተው ዕንቁ ገበያውን ሲይዝና በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የዱባይ ዕንቁ ንግድ ፈረሰ፤ ዓመታቱም የችግር ዓመታት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል። በ1950ዎቹ ኾሩ በደለል እየተሞላ መርከብ ማስገባት አቅቶት ነበር፤ የጎረቤቷ የሻርጃ ኾርም በተመሳሳይ ደለል ሲዘጋ ንግዱ ሸሽቷታል። የአልዩ አምባን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳል፤ ከታጁራ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚራገፍባት ያቺ ገበያ መንገዱ ወደ አዲስ አበባና ወደ ባቡሩ ሲዞር ደክማለችና። በ1958 ሥልጣን የያዙት ሼክ ራሺድ ቢን ሰዒድ ግን ከኩዌት ተበድረው፣ ከነጋዴዎችም ገንዘብ አሰባስበው ደለሉን አስጠረጉ። ነዳጁ የተገኘው በ1966 ነው፤ ወደ ውጭ መላክ የጀመረው ደግሞ በ1969።

ከሸዋ ሮቢት
ከላይ የተጻፈውን በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ ነገር ግን የነዳጁ ድርሻ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፍ የለበትም። በ1972 ሥራ የጀመረው የራሺድ ወደብና በ1979 የተከፈተው የጀበል አሊ ወደብ ያለ ነዳጅ ገንዘብ በዚያ ስፋት ባልተገነቡም ነበር። የዱባይ ነዳጅ ከአቡ ዳቢው እጅግ ያነሰ ስለነበር ሳያልቅ ወደ ወደብ መለወጡ ትልቅ ብልሃት ነው። በ1985 በጀበል አሊ ነጻ የንግድ ቀጠና ተቋቋመ፤ በዘመኑ ከቀጠናው ውጭ ያለ ድርጅት ቢያንስ 51 በመቶውን ለአገሬው ሰው እንዲሰጥ ይገደድ ስለነበር፣ መቶ በመቶ የራስን ድርጅት መያዝ መቻሉ ብዙ የውጭ ባለሀብት ስቧል። በዚያው ዓመት ኤምሬትስ አየር መንገድ ከፓኪስታን አየር መንገድ በተከራያቸው ሁለት አውሮፕላኖች በረራ ጀመረ።

በብድር ማደግም አደጋ አለው። በ2009 የመንግሥቱ ትልቅ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል ሲያቅተው አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጥታ ደግፋዋለች፤ በጥር 2010 የተመረቀው 828 ሜትሩ ሕንፃም በአቡ ዳቢው ገዢ ስም ቡርጅ ኸሊፋ ተባለ።

መምህር ከመሐል ሜዳ
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እኅቴ በምትኖርበት በዴራ ሰፈር የአገሬው ተወላጅ እምብዛም እንደማይታይና ሕንዶችና ፓኪስታኖች እንደሚበዙ ነግራኛለች። ይህ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው?

የደብረ ብርሃን ልጅ
ዴራ ለዓመታት ስለኖርኩ ይህን እኔ ልመልስ። ቁጥሩ የቅርብ ነው፤ ግንኙነቱ ግን የቆየ ነው። በ1968 በተደረገው ቆጠራ የዱባይ ሕዝብ ወደ 59,000 ነበር፤ ዛሬ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል የውጭ አገር ሰው ነው። ከተማዋን በእጁ የገነባውም በአመዛኙ ይኸው ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ስለ ሼኮቹ ብቻ ተነግሮ የሚያበቃ ታሪክ ለእኔ ጎዶሎ ነው።

እኅትዎ በዕረፍት ቀኗ ከዴራ አብራ በምትባለው ጀልባ በ1 ድርሃም ኾሩን ተሻግራ አል ፋሂዲን ብታይ መልካም ነው፤ ዳር ላይ የእንጨት መርከቦች ዛሬም ጭነት ሲጭኑ ታገኛለች። ከሕንድ ጋር ያለው ንግድ ምን ያህል ሥር እንደነበረው ለመረዳት ገንዘቡን ማየት ይበቃል፤ ዱባይ እስከ 1966 ድረስ የምትገበያየው በሕንድ በሚታተም ሩፒ ነበር፤ ድርሃም የመጣው በ1973 ነው። በዴራ ገበያ ከአረብኛ ይልቅ ሂንዲና ኡርዱ የምትሰማውም ከዚሁ የተነሣ ነው።