ቅጠላቸውን የማያራግፉ የኦክ ዛፎች የጥንት ታሪክ፦ የአበባ ብናኝና ከሰል ባይስማሙስ?

ጥያቄ፦
በሜዲትራኒያን ዙሪያ የሚበቅሉት፣ ክረምት ከበጋ ቅጠላቸውን የማያራግፉ የኦክ ዛፎች በደቡብ ፈረንሳይ እጅግ የተስፋፉት ግብርና ከገባ በኋላ መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ግን ቅጠላቸውን የሚያራግፉት ዘመዶቻቸው ያመዝኑ እንደነበር አንብቤአለሁ። ሁለቱም ኦክ ከሆኑ በምን ይለያሉ? በሐይቅ ደለል የተቀበረው የአበባ ብናኝና ከጥንት ሰፈር የተቆፈረው ከሰል ባይስማሙስ የትኛው ይታመናል?

ምላሽ 1፦
ስለ ከሰሉ ልመልስልዎ፤ የየዕለት ሥራዬ ነውና። ቁራጩን በእጃችን ሰብረን አዲሱን ገጽ በማይክሮስኮፕ እንመለከታለን። ቅጠሉን በሚያራግፈው ኦክ፣ የዓመቱ ዕድገት ሲጀምር የሚፈጠሩት ሰፋፊ የውኃ ቧንቧዎች በቀለበቱ ጠርዝ ተሰልፈው ይታያሉ። በማያራግፈው ይህ ሰልፍ የለም፤ መጠናቸው የተቀራረበ ቧንቧዎች ከመሃል ወደ ቅርፊት በሚያመሩ መስመሮች ተበትነዋል። ሆኖም ኢሌክስና ኮክሲፌራ የተባሉትን ሁለቱን የማያራግፉ ዝርያዎች በከሰል ለይቶ መናገር እጅግ ያዳግታል።

ምላሽ 2፦
ብናኙም የሚለየው በገጽታው ነው። የአንዱ ቅንጣት ስፋት የሚሊሜትር ሦስት መቶኛ ቢሆን ነው፤ ውጫዊ ግድግዳው ግን ጠንካራ ስለሆነ አየር በማይደርሰው ጭቃ ውስጥ ሺህ ዓመታት ይቆያል። ደለሉ በአሲድ ከታጠበ በኋላ በግድግዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን እብጠቶች የየትኛው ወገን እንደሆነ ያመለክታሉ። ነገር ግን የኦክን ብናኝ ነፋስ ከሩቅ ያመጣዋልና የሚነግረን ስለ አካባቢው ደን በጥቅሉ ሲሆን፣ ከሰሉ ደግሞ ሰዎች ከመንደራቸው ዙሪያ ስለለቀሙት እንጨት ይናገራል። ስለዚህ ሁለቱ ባይስማሙ አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም፤ በመንደሩ ዙሪያ የነበረው ደን ከሩቁ ቀድሞ ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሰዎች የወደዱትን እንጨት መርጠው ቢያነዱስ?

ምላሽ 1፦
ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህም ነው የአንድ ምድጃ ከሰል ብቻውን የማያሳምነኝ፤ የመጨረሻዋን እሳት ብቻ ያሳያልና። በአፈሩ ንብርብር ውስጥ ተበታትኖ የሚገኘው ከሰል ግን የብዙ ዓመታት ማገዶ ጥርቅም ስለሆነ ደኑን በተሻለ ይወክላል።

ምላሽ 3፦
ለውጡን ሰው ብቻ አመጣው ለማለት ግን አልቸኩልም። ኢሌክስ ሲቆረጥም ሲቃጠልም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ድርቅንም ይችላል፤ ስለዚህ መጥረቢያም የአየር መድረቅም ይጠቅሙታል። እኔ የምመለከተው ቅደም ተከተሉን ነው፦ በዚያው ደለል ውስጥ የከሰል ብናኝና የእህል ብናኝ አስቀድመው ከጨመሩ የሰው እጅ ይጠረጠራል፤ የሰው ምልክት በሌለባቸው ሥፍራዎችም ኦኩ በተመሳሳይ ዘመን ከተስፋፋ ግን ወደ አየር ንብረቱ አዘነብላለሁ።