የ3 ቀን የእንጨት ሕትመት ወርክሾፕና የተጋባዥ ሠዓሊ ንግግር፦ ምን እናዘጋጅ?

የክፍል አስተባባሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከአዲስ አበባ ውጪ ባለ ዩኒቨርሲቲ፣ ሥነ ጥበብ ትምህርት ክፍል ነው ያለሁት። በሚቀጥለው ሴሚስተር በእንጨት ሕትመት (ሥዕልን እንጨት ላይ ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ በማተም) የምትሠራ አንዲት ሠዓሊ ከውጭ አገር ትመጣልናለች። የምትቆየው 3 ቀን ብቻ ነው። ለመላው ክፍል አንድ ንግግር ታደርጋለች፣ ቀሪውን ጊዜ ወርክሾፕ ትሰጣለች። አማርኛ አትችልም። የ2ኛና የ3ኛ ዓመት ተማሪዎቻችን ሲደመሩ 34 ናቸው። ያለን አንድ የቆየ የኤቺንግ ፕሬስ (በብረት ሰሌዳ ላይ የተሠራ ሥዕል የሚታተምበት ማሽን)፣ 2 ሮለር (የሚንከባለል ቀለም መቀቢያ) እና የደነዙ መቅረጫዎች ናቸው። ለዕቃ የተያዘ አነስተኛ በጀት አለ፣ ግዢው ግን በዩኒቨርሲቲው አሠራር ነው የሚያልፈው።

34ቱንም ማሳተፍ ይቻላል? ምን ያህል ቀለም፣ ወረቀትና እንጨት ይበቃል? በኤቺንግ ፕሬስ እንጨት ማተም ይቻላል ወይስ ይበላሻል? ንግግሩስ መቼ ቢሆን ይሻላል? እንግዳ መጥቶ ከሄደ በኋላ ክፍሉ ወደ ነበረበት እንዳይመለስ የምታውቁትን አካፍሉን።

ፍልፍል፦

34ቱን በአንድ ላይ አታስገቧቸው። መቅረጽ ለ34 ሰው ይቻላል፣ ማተም ላይ ግን ትቆማላችሁ። የሚያጨናንቀው ፕሬሱ አይደለም፣ ቀለም የሚቀባበት ጠረጴዛ ነው። ጀማሪ ተማሪ እንጨቱን ቀብቶ፣ ወረቀቱን አስተካክሎ፣ አትሞ እስኪያነሳ 6 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። 2 ሮለር ማለት 2 ጠረጴዛ ነው፣ በሰዓት 20 ሕትመት ይወጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 4 ሰዓት ብትሠሩ 80 ነው። ለ16 ተማሪ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 5 ይደርሰዋል፣ ያ በቂ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 2 ሁልጊዜም ሙከራ ናቸውና። 34 ከሆኑ ግን ለአንዱ 2 ብቻ ይደርሰዋል፣ ደህና ሕትመት ሳያይ ይወጣል።

ስለዚህ 16 ምረጡ። የቀሩት 18 የመጀመሪያውን ቀን ማሳያና ንግግሩን ይከታተሉ፤ በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ 16ቱ እነርሱን ያሠለጥኑ። ምርጫው በውጤት ብቻ አይሁን። ማስተማር የሚወድና እጁ የማይቸኩል ተማሪ ይሻላል። አንድ መምህር ደግሞ እንደ ተማሪ ተቀምጦ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይወጣ ይሥራ። ይህን ለድርድር አታቅርቡት።

እንጨቱ 4 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ይሁን። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ በ20 በ30 ሲቆረጥ 48 ይወጣዋል፣ መጋዙ የሚበላው ታስቦም ይበቃል። ስትገዙ ጎን ጎኑን እዩት፤ በንብርብሮቹ መካከል ክፍተት ካለው መቅረጫው እዚያ ሲደርስ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ፕሬስ ላይም ይጎደጉዳል። ፊቱን በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱና በስሱ አንድ ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፣ አንድ ቀን ይድረቅ። ቫርኒሹ የእንጨቱን ክር ስለሚይዘው መቅረጫው በእንጨቱ አግድም ሲሄድ አይፈነጥርም። ከዚያ በውኃ የቀጠነ ጥቁር ቀለም ብታስነኩት የተቀረጸው ቦታ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ተማሪው የት እንደደረሰ ሳያትም ያውቃል።

ወረቀት፦ ከ120 እስከ 160 ግራም የሆነ ኤ3፣ 250 ቅጠል። ለሙከራ ተራ የ80 ግራም ወረቀት አንድ ደስጣ። ቀለም፦ በዘይት የተሠራ ጥቁር የሕትመት ቀለም 500 ግራም። አንድ የ20 በ30 ሕትመት ከ1 እስከ 2 ግራም ነው የሚወስደው፣ የቀረው መስታወትና ሮለር ላይ ይባክናል። በውኃ የሚሟሟው ለማጽዳት ቀላል ቢመስልም በበጋው ደረቅ አየር መስታወቱ ላይ እያለ ስለሚደርቅ ለጀማሪ አይመከርም።

ጥቁር ቀለም፦

ፍልፍል ባለው ላይ ስለ ፕሬሱ ልጨምር። በኤቺንግ ፕሬስ እንጨት ማተም ይቻላል፣ 3 ነገር ካስተካከላችሁ።

አንደኛ፣ ወፍራሙን የሱፍ ጨርቅ አውጡት። ለስላሳው ጨርቅ ወረቀቱን ወደ ተቀረጸው ጉድጓድ ውስጥ ይገፋዋል፣ ከዚያ ነጭ መሆን ያለበት ሁሉ ይቆሽሻል። በምትኩ አንድ ስስ ጨርቅና ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ሁለተኛ፣ በእንጨቱ ግራና ቀኝ ከዚያው ኮምፔንሳቶ የተቆረጠ፣ እስከ ፕሬሱ አልጋ (እንጨቱ የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ) ጫፍ የሚደርስ ቀጭን ቁራጭ እንደ ሐዲድ አድርጉ። ሲሊንደሩ በእነርሱ ላይ ተደግፎ ይገባል። እነርሱ ከሌሉ ሲሊንደሩ የእንጨቱን ጠርዝ ሲወጣ ይዘላል፣ እንጨቱ ይገፋል፣ ሕትመቱም ድርብ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ጫናው። በግራና በቀኝ ያሉትን ብሎኖች እኩል አዙሩ፤ አንዱ ከጠበቀ ሕትመቱ በአንድ በኩል ይጠቁራል፣ በሌላው ይሳሳል። ፕሬሱ ለዓመታት ከቆመ እንግዳዋ ከመምጣቷ ከ2 ሳምንት በፊት ግራሶ ተቀብቶ በባዶ እንጨት ይሞከር።

ፕሬሱ እምቢ ቢል ግን ወርክሾፑን አትሰርዙ። የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ይበቃል። በ80 ግራም ወረቀት ላይ ከመሐል ወደ ዳር እየተሻሸ ሲታተም፣ ከፕሬሱ የማይተናነስ ይወጣል። 10 ማንኪያ ግዙ።

ቀለሙ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ሮለሩ መስታወቱ ላይ ሲሄድ ስስ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደርሷል። የሚጣበቅና የሚጮህ ከሆነ በዝቷል፣ ቀጫጭኑን መስመር ይሞላዋል። ሕትመቱ ላይ ነጫጭ ነጥብ ከተበታተነ ወይ ቀለም አንሷል ወይ ጫና። መጀመሪያ ቀለሙን ጨምሩ፣ ጫናውን በመጨረሻ ንኩ።

አሁን ስለ አደጋ። መቅረጫ የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ እንጨቱን የያዘውን ግራ እጅ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ መደገፊያ ሥሩለት፦ 25 በ30 የሆነ ጣውላ፣ በተማሪው በኩል ወደ ታች አንድ ቁራጭ፣ በማዶ በኩል ወደ ላይ አንድ ቁራጭ ይመታበታል። የታችኛው ጠረጴዛውን ይይዛል፣ የላይኛው እንጨቱን ያቆማል፣ ሁለቱም እጆች ከስለቱ በስተኋላ ይሆናሉ። ማንም አናጢ በግማሽ ቀን 16ቱንም ይጨርሰዋል።

ጽዳት፦ በምግብ ዘይትና በጨርቅ፣ ቀጥሎ በሳሙና። ቲነር አያስፈልግም፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ 16 ሰው እንዲተነፍሰው አታድርጉ። የሕትመት ቀለም የሚሠራው በአብዛኛው ከተልባ ዘይት ነው። ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ሲከመር እየሞቀ ሄዶ ማንም ሳይነካው እሳት ሊነሳ ይችላል። ጨርቁ ሁሉ ማታ ውኃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ባልዲ ውስጥ ይግባ። ይህን ለጽዳት ሠራተኞችም ንገሯቸው፤ ቆሻሻውን የሚያነሱት እነርሱ ናቸውና።

የመድረክ ሰው፦

እኔ ስለ ንግግሩ ልበል። በመጀመሪያው ቀን ከቀኑ 10 ሰዓት አድርጉት እንጂ በጠዋት መክፈቻ አታድርጉት። ጠዋት ላይ ተማሪው እንጨት ነክቶ አያውቅም፣ ስለዚህ የሚጠይቀው «እንዴት ጀመርሽ?» የሚለውን ነው። ከ4 ሰዓት ቅርጽ በኋላ ግን ሥራዋን ሲያይ፣ ያንን ቀጭን ነጭ መስመር በምን አወጣችው ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሁለተኛው ቀን የሕትመት ቀን ስለሆነ እጁ የቀለመ ተማሪ ትቶ አይመጣም፣ ሦስተኛው ቀን ደግሞ ዘግይቷል።

በአስተርጓሚ የሚሄድ ንግግር ጊዜው እጥፍ ነው። የ20 ደቂቃ ንግግር 40 ይሆናል፣ 20 ደቂቃ ለጥያቄ ይተዉ። ከ25 ሥዕል በላይ እንዳታመጣ አስቀድመው ይጻፉላት። አስተርጓሚው እንግሊዝኛ መምህር ሳይሆን ከክፍሉ የሆነ ሰው ይሁን፤ ሮለርን፣ የሙከራ ሕትመትን፣ መቅረጫን ከነአሠራሩ የሚያውቅ። ሥዕሎቹን ከ3 ቀን በፊት ይላኩለት።

አዳራሹ መጋረጃ ከሌለው ከሰዓት በኋላ ጥቁር ነጭ ሥራ በፕሮጀክተር ግራጫ ሆኖ ነው የሚታየው። መስኮቱ በጥቁር ላስቲክ ይሸፈን። ፋይሉን በፒዲኤፍ ተቀበሉ፤ በፓወር ፖይንት ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ፊደሉ ከሌለ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አሮጌ ፕሮጀክተር ቪጂኤ ብቻ ሊቀበል ይችላል፣ የእንግዳዋ ላፕቶፕ ደግሞ ምናልባት ዩኤስቢ ሲ ብቻ አለው፤ ማገናኛው አንድ ቀን ቀድሞ ይሞከር። መብራት ቢጠፋስ? በእጇ ከምታመጣቸው ሕትመቶች 6 ያህሉን ጠረጴዛ ላይ ደርድራችሁ በቀን ብርሃን ትናገር። እውነቱን ለመናገር መብራት ባይጠፋም ይህን አድርጉ፤ ተማሪው ወረቀቱ ላይ የተጫነውን ጉድጓድ ማየት የሚችለው በአጠገቡ ሆኖ ብቻ ነው።

ጥያቄ እንዳይጠፋ፣ ከንግግሩ በፊት ትናንሽ ወረቀት አድሉ፣ በአማርኛ ይጻፉ፣ አስተርጓሚው ይምረጥ። ማይክ ይዞ መነሳት የሚያፍረው ተማሪ ብዙ ጊዜ ጥሩው ጥያቄ ያለው ነው።

ሞዴል 22፦

ዕቃው በወቅቱ ካልደረሰ የተባለው ሁሉ ከንቱ ነው። የግዢ ጥያቄውን ቢያንስ ከ2 ወር በፊት አስገቡ። «የሕትመት ቀለም» ብላችሁ ብቻ ከጻፋችሁ የፕሪንተር ካርትሬጅ ይመጣላችኋል፤ «በዘይት የተሠራ፣ ለእጅ ሕትመት፣ ጥቁር፣ 500 ግራም» ብላችሁ ፎቶ አያይዙ። ፕሮፎርማ የሚያቀርብ 3 ነጋዴ ለመቅረጫና ለቀለም አታገኙ ይሆናል፤ እንጨት፣ ወረቀት፣ ዘይትና ማንኪያ በመደበኛው ግዢ ይሂዱ፣ ቀለሙና ሮለሩ ግን እንግዳዋ ይዛ እንድትመጣ ተስማሙ። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሁን፣ በሞዴል 20 ጠይቃችሁ በሞዴል 22 ከስቶር አውጡ፤ ይህ ሁሉ ፊርማ ከወርክሾፑ ከ3 ቀን በፊት ይለቅ። ፈራሚው ሐሙስ መስክ ቢወጣ ዓርብ ባዶ ጠረጴዛ ነው የሚጠብቃችሁ።

መቅረጫዎቿን በሚጫነው ሻንጣ እንጂ በእጅ ሻንጣ አታድርግ፣ ስለት ስለሆነ ይወሰድባታል። ቀለሙን የምታመጣ ከሆነ የአምራቹን የደኅንነት ወረቀት አትማ ትያዝ። ለጉምሩክ የዕቃው ዝርዝር ያለበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከክፍሉ ይላክላት፤ የሚቀረውና ተመልሶ የሚወጣው ተለይቶ ይጻፍ። ስትመለስ ይዛ ለምትወጣቸው ሕትመቶችም እንዲሁ፣ የዘመኑ የተማሪና የራሷ ሥራ መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ስጧት።

ክፍያ ካለ፣ ቁጥር ከመንገራችሁ በፊት ፋይናንስ ክፍል ምን ያህል ግብር እንደሚቀነስ ጠይቁ። የተነገራትና የሚደርሳት ሲለያይ ቅሬታ ይፈጠራል።

የክፍል አስተባባሪ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 2 ነገር ልጨምር። የደነዙትን መቅረጫዎች እናስላቸው ወይስ አዲስ እንግዛ? ደግሞ ሕትመቶቹ እርጥብ ሆነው እንግዳዋ ትሄዳለች፣ የት እናስቀምጣቸው?

ፍልፍል፦

ስለቱ ካልተሰበረ ይሳላል። በመሳያ ድንጋይ ላይ ጥቂት ዘይት አድርጋችሁ፣ ፋብሪካው ያወጣለትን ተዳፋት ሳትቀይሩ። ባለ ጎድጓዳው መቅረጫ ከጎን ወደ ጎን እየተንከባለለ ይሳላል፤ ሹል አፍ ያለው ግን እያንዳንዱ ጎን ለብቻው እንደ ጠፍጣፋ ስለት ነው የሚሳለው። ከውስጥ በኩል የሚቀረውን ሻካራ ጠርዝ በታጠፈ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንሱት፣ ከዚያ ቆዳ ላይ 10 ጊዜ ያህል ወደ ኋላ ብቻ ጎትቱት። የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ላይ በአግድም ሞክሩ፤ ክሩን ሳይቦጭቅ አብረቅራቂ ጉድጓድ ከተወ ተስሏል። ለ16 ተማሪ 16 ሙሉ ስብስብ አያስፈልግም፤ ለ2 ተማሪ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ ጎድጓዳ፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ አንድ ሹል ይበቃል።

ማድረቂያው ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ነው። ኤ3 በአጭሩ በኩል ሲሰቀል 30 ሳንቲ ሜትር ይይዛል። 2 ሕትመት ጀርባ ለጀርባ በአንድ መቆንጠጫ ከሰቀላችሁ ለ80 ሕትመት 14 ሜትር ያህል በቂ ነው፣ ግን ሦስተኛው ቀንም ስለምታትሙ 5 መስመር ባለ 6 ሜትር ዘርጉ። ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆዩ።

እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ለክፍሉ ስለሚቀረው ደግሞ ይህን ልጥቀስ። ጀርመናዊው የእንጨት ሕትመት ሠዓሊ ሀንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የእንጨት ሕትመት ሲያስተምር የቆየው ለዓመታት ነው እንጂ ለቀናት አልነበረም። የ3 ቀን እንግዳ ያንን አታደርግም፣ አትጠብቁባትም። የምታደርገው አንድ ዘዴ ጥርት አድርጎ ማሳየት ነው፦ አንድ ቀለም፣ አንድ እንጨት። ባለ ብዙ ቀለም ሕትመት ላሳያችሁ ብትል በትሕትና ለሌላ ጊዜ ይሁን በሏት፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ሁለተኛውን ማተም ለጀማሪ ስለሚያስቸግር 3 ቀን አይበቃም።

ከእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሕትመት ለክፍሉ ይቅር፣ ከእርሷም አንድ። ግርጌው ላይ በእርሳስ፣ በግራ ቁጥሩ (ስንተኛው ሕትመት እንደሆነ)፣ በመሐል ርእሱ፣ በቀኝ ፊርማና ዓመተ ምሕረት። የመጀመሪያዎቹ በቁጥር አይቆጠሩም፣ «የሙከራ ሕትመት» ተብሎ ይጻፍባቸው፤ ከተሳካው ጎን ሲቀመጡ ለሚቀጥለው ባች ምን እንደተስተካከለ በግልጽ ያሳያሉ። እንጨቶቹንም አትጣሉ፣ በዘይት ጠርጋችሁ ፊት ለፊት ሳታጋጥሙ በቁማቸው ደርድሯቸው። ሕትመቶቹን በላስቲክ አትጠቅልሉ፤ በመካከላቸው ስስ ወረቀት እያስገባችሁ በጠፍጣፋ መሳቢያ ውስጥ አስተኟቸው።