ከ4 በመቶ በታች ድምፅ ይዞ 10 ወንበር፦ የአውስትራሊያው ናሽናልስ ጉልበቱ ከየት ነው?

የፉትስክሬው፦
ሰላም ወገኖች። በ2022ቱ የአውስትራሊያ ምርጫ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የአካባቢ ጥበቃው ፓርቲ ግሪንስ ከ12 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ 4 ወንበር ብቻ ያዘ። የገጠሩ ፓርቲ ናሽናልስ ደግሞ በራሱ ስም 4 በመቶ እንኳ ሳይሞላ 10 ወሰደ። ከትልቁ የቀኝ ፓርቲ ከሊበራል ጋር ያለው ጥምረት ሥልጣን ሲይዝም ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነቱ የእሱ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል? ሊበራሎችስ ለምን ጥለውት አይሄዱም?

ሚዛን፦
ወንበሩን የሚሰጠው የድምፁ ብዛት ሳይሆን የተሰበሰበበት ቦታ ነው። የግሪንስ ደጋፊ በየከተማው ተበትኗል፤ ናሽናልስ ግን እጩ የሚያቀርበው በገጠር የምርጫ ክልሎች ነው፣ እዚያም ድምፁ ክምር ነው።

ሁለተኛው ነገር የድምፅ አሰጣጡ ነው። በ1918 በምዕራብ አውስትራሊያ ስዋን በተባለ ክልል የማሟያ ምርጫ ተደረገ። የገበሬዎቹ እጩና የመንግሥቱ ፓርቲ እጩ ድምፁን ተካፈሉትና የሠራተኞቹ ፓርቲ ሌበር በ34 በመቶ ገደማ አሸነፈ። መንግሥት ደንግጦ በዚያው ዓመት ቅደም ተከተል የሚሰጥበትን ሥርዓት አመጣ። ዛሬ በታችኛው ምክር ቤት ወረቀት ላይ አምስት እጩ ካለ መራጩ ከ1 እስከ 5 ይሞላል፤ ቁጥር ከደገመ ወረቀቱ ይሰረዛል። ስለዚህ ገበሬው ናሽናልስን 1፣ ሊበራልን 2 ቢል ናሽናልስ ከቆጠራው ሲወጣ ድምፁ ወደ ሊበራል ይዛወራል እንጂ አይባክንም። ሁለቱ ፓርቲዎች ተጎራብተው ሳይጠፋፉ መቶ ዓመት የኖሩት በዚህ ነው።

አገዳ፦
ሚዛን ያለው ልክ ነው፣ ግን ወንበር ብቻውን ሥልጣን አይሆንም። ዋናው ድርድሩ ነው። በ1922 ካንትሪ ፓርቲ (የዛሬው ናሽናልስ) ከ75 ወንበር 14ቱን ያዘና ያለ እሱ መንግሥት መመሥረት አልተቻለም። መሪው ኧርል ፔጅ «በቢሊ ሂዩዝ ሥር አልገባም» ብሎ ጸና። ሂዩዝ ከጠቅላይ ሚኒስትርነቱ ወረደ፣ ስታንሊ ብሩስ ተተካ፣ ፔጅም ገንዘብ ሚኒስቴርንና ከ11 የካቢኔ ቦታ 5ቱን ወሰደ። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆልት በታኅሣሥ 1967 ባሕር ውስጥ ሲጠፋም የካንትሪ ፓርቲው መሪ ማክዩወን «በማክማን ሥር አናገለግልም» አለ፤ የሊበራሉ ማክማን ከመሪነት ፉክክሩ ወጣ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስምምነቱ በሁለቱ መሪዎች መካከል ስለሆነ መሪ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ይፈረማል፤ ይዘቱም አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ አይወጣም። የሚኒስትር ቦታ የሚከፋፈለው እያንዳንዱ ፓርቲ ባለው የእንደራሴ ቁጥር ነው። ስለዚህ ጎበዝ ተደራዳሪ ከቦታው ብዛት ይልቅ የትኛው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚይዝ ያያል። በ2015 ተርንቡል አቦትን በጠቅላይ ሚኒስትርነት ሲተካ ናሽናልስ በጽሑፍ ካስፈረሙት አንዱ የውኃ ሀብት ከአካባቢ ጥበቃ ወጥቶ ወደ ግብርና እንዲዞር ነበር። ለመስኖ ገበሬ ይህ ከሁለት ተጨማሪ ሚኒስትር ይበልጣል።

የፉትስክሬው፦
እናመሰግናለን። ታዲያ «እንወጣለን» ማለት ሁልጊዜ ይሠራል ማለት ነው?

ሚዛን፦
አይሠራም። ከሴኔቱ (ከላይኛው ምክር ቤት) ጀምር። በመደበኛ ምርጫ ከእያንዳንዱ ክፍለ ሀገር 6 ሴናተር ይመረጣል፣ ለአንድ ወንበር 14.3 በመቶ ያስፈልጋል። ናሽናልስ ይህን ለብቻው መሙላት ስለሚከብደው በኒው ሳውዝ ዌልስና በቪክቶሪያ ከሊበራል ጋር በአንድ ዝርዝር ይወዳደራል። ጥምረቱ ቢፈርስ የዝርዝሩ ቦታም አደጋ ላይ ነው።

በ1987 የኩዊንስላንድ ክፍለ ሀገር መሪ የነበረው የናሽናልሱ ጆ ቢየልኬ ፒተርሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ባካሄደው ዘመቻ የተነሳ ጥምረቱ በሚያዝያ ፈረሰ፣ በሐምሌ ሌበር አሸነፈ። በግንቦት 2025 ደግሞ 15ቱ የናሽናልስ እንደራሴዎች 28ቱን ሊበራሎች ትተው ወጡ። የጠየቁት የኒውክሌር ኃይል፣ የ20 ቢሊዮን ዶላር የገጠር ፈንድ፣ ትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን የመከፋፈል ሥልጣንና የገጠር ስልክ አገልግሎት ነበር። ከስምንት ቀን በኋላ ተመለሱ። ሲወጡ የጥላ ሚኒስትርነቱም (የተቃዋሚው ወገን አንድን ሚኒስቴር የሚከታተልበት ቦታ) ተጨማሪ ክፍያውም አብሮ ይቀራል፤ እኔ እንደማየው ይህ ከመርህ ንግግሩ እኩል ከብዷቸዋል።

ከስቶክሆልም፦
ሌላው መንገድ ከግራ ጋር መደራደር ነው። ስዊድን ውስጥ በ1932 ሶሻል ዴሞክራቶች ከ230 ወንበር 104፣ የገበሬዎች ማኅበር 36 ያዙ። በግንቦት 1933 ተስማሙ፦ ገበሬው የቅቤና የእህል ዋጋ ጥበቃ አገኘ፣ ሠራተኛው በመደበኛ ደመወዝ የሕዝብ ሥራ አገኘ። ስዊድኖች «የላም ንግድ» ይሉታል። ይህ የሠራው ጥያቄዎቹ በገንዘብ የሚለኩና ስለማይጋጩ ነው። ከ1951 ጀምሮም አብረው ገዝተው ነበር፣ ግን በ1957 አስገዳጅ ጡረታ ሲመጣ ተለያዩ፤ ደመወዝተኛ ላልሆነው ገበሬ በዚያ ውስጥ የሚያገኘው ነገር አልነበረም።

አገዳ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በኩዊንስላንድ ሁለቱ ፓርቲዎች በ2008 ተዋህደዋል። በተዋሃደው ፓርቲ ስም፣ ኤልኤንፒ ተብሎ የተመረጠ ሰው ካንቤራ ፌዴራል ፓርላማ ሲደርስ ከሁለቱ በአንዱ ስብሰባ ይቀመጣል። በ2022 ስድስቱ ከናሽናልስ ጋር ስለተቀመጡ የድርድሩ ቁጥር 10 ሳይሆን 16 ሆነ። ውጤቱን ስትቆጥር ይህን አትርሳ።